ከአጥር ውጭ ቆሜ ያጠብኳት

ይድረስ ለልጄ ለፈዲላ ሀሚዱ፣ ካለሽበት ከሴራሊዮን። አሰላሙ ዓለይኪ ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን አለሽልኝ? እንደምን ሰነበትሽ? ራስሽን አያምሽም? ጉሮሮሽስ? እህል ይወርድልሻል? ስትተኚ ያልብሻል ወይስ ደህና ነሽ? ይህን ሁሉ የምጠይቅሽ ለደብዳቤ ወግ ብዬ አይደለም፤ አንድ በአንድ እንድትመልሽልኝ ነው። «ደህና ነኝ» ብሎ ጠቅልሎ ማለፍ እኔ ዘንድ አይሠራም፤ ታውቂኛለሽ። እኛ አልሃምዱሊላህ አለን። አባትሽን ዳገት ሲወጣ ጉልበቱን ይይዘዋል እንጂ ሌላ የለበትም። እህትሽ አሪፋ ትምህርቷን ትማራለች፤ ከትምህርቱ የተረፈውን ጊዜ ስልኳ ይበላዋል። ላማችን ወልዳለች፣ ጥጃዋ ሴት ናት። ዝናቡም እንደነገሩ ነው።

ይህን የምጽፍልሽ በራሴ እጅ ነው። አሪፋ ልጻፍልሽ ብላኝ እምቢ አልኳት፤ ውስጡ እሷም አባትሽም እንዲያዩት የማልፈልገው ነገር አለ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የለቀምኳት ፊደል ለዚህ ቀን ጠቀመችኝ። መስመሩ ሽቅብ ቁልቁል ቢልብሽ ታገሺኝ። ወረቀቱን ለሀምዳን እሰጠዋለሁ፤ ከአዲስ አበባ ወደ እናንተ የሚመጣ ሌላ ነርስ አለ፣ በእሱ እጅ እልከዋለሁ ብሎኛል። እንዳይከፍቱት ዳር ዳሩን በሙጫ አጣብቄዋለሁ። ሲደርስሽ ተከፍቶ ካገኘሽው ንገሪኝ።

ሀምዳን ጊዜውን ጨርሶ እንደተመለሰ ቤታችን መጥቶ ነበር። አብሮሽ የሠራ ልጅ ነውና እንደ ልጄ ተቀበልኩት። ደብዳቤሽንና የላክሽልኝን ቢጫ ጨርቅ ሰጠኝ። ልጄ እንዴት ናት ስለው፣ ደህና ናት፣ እረፍት ላይ ናት አለኝ። የምን እረፍት ነው፣ በዚያ ሁሉ በሽተኛ መሀል ማን እረፍት ይሰጣል ብለው፣ እንዲያው ለጥንቃቄ ነው አለና የሻይ ብርጭቆውን አንስቶ ጠጣ። ብርጭቆው ባዶ ነበር፤ ገና አልቀዳሁለትም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ? ከዚያ በኋላ ዓይኔን ሳያይ ስለ ሐይቁ ዓሣ ሲያወራ ቆይቶ ሄደ። አንቺም በስልክ ስትደውዪ ድምፅሽ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። ኔትወርኩ ነው ትያለሽ። ኔትወርክን ያስለዋል እንዴ?

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። መጀመሪያ ስትደርሱ ድንኳኑ ሁሉ በኢቦላ በሽተኛ ተጨናንቆ እንደነበር፣ ሰዉም አምቡላንስ የወሰደው አይመለስም ብሎ የታመመውን ጫካ ውስጥ ይደብቅ እንደነበር ጽፈሻል። ኋላ ድነው የወጡት በየመንደሩ እየዞሩ፣ ይኸው እኛ አለን ሲሉ እምነቱ ትንሽ ትንሽ መጣ። አልጋው ባዶ እየሆነ ሄዶ፣ የመጨረሻዋን ሕፃን ድና ስትወጣ በጭብጨባ ሸኛችኋት። እሱን ሳነብ እኔም እዚህ ብቻዬን እልል ብያለሁ። ገጹን ብገልጠው ደግሞ፣ በአንድ መንደር አንዲት አሮጊት ሞታ ዘመዶቿ ደብቀው አጥበው ቀበሯት፣ ያጠቧትም ተራ በተራ ወደቁ፣ ድንኳኑ እንደገና ሞላ ትያለሽ። ራዲዮኑም እንዲሁ ነው የሚያደርገኝ። ዛሬ ቀነሰ ይላል፣ ነገ ተመልሶ ተገኘ ይላል። አባትሽ ቀነሰ ሲሉ ደስ ይለዋል። እኔ የምፈራው ቀነሰ ሲሉ ነው። ሰው እጁን መታጠብ የሚተወው ቀነሰ የተባለ ዕለት ነው።

የቀብር ሠራተኞቹ ያንን ከራስ እስከ እግር የሚሸፍን ነጭ ልብስ ለብሰው ሲሄዱ መንደርተኛው በድንጋይ እንዳባረራቸው፣ አንቺም አብረሽ እንደነበርሽ ነገርሽኝ። ከዚያ ከታች አንድ ነገር ጠየቅሽኝ። እማ፣ አንቺ የቅሬው፣ የእድራችን ጀናዛ አጣቢ ነሽ፤ የማታውቂያቸው ሰዎች መጥተው የሞተችብሽን አትንኪ ቢሉሽ፣ ምን ቢሉሽ ነው በሩን የምትከፍቺላቸው? አልሽኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ምንም ቢሉኝ አልከፍትም ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ቀጥሎ ደግሞ ጥያቄው ራሱ አላማረኝም። ለምን እኔን? ለምንስ አሁን? ብዬ ወረቀቱን አጥፌ አስቀመጥኩት። መልሱን ያገኘሁት በዚህ ወር መግቢያ ላይ ነው፤ ያገኘሁትም ፈልጌው አይደለም።

ሲቲ ሞተች። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ጎረቤታችን ሲቲ፣ አንቺን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችሽ። የቅሬያችንን ሴቶች ስናጥብ እሷ ውኃ ታፈስሳለች፣ እኔ አጥባለሁ፤ ስንቷን አብረን ሸኝተናል። ከአምና ጀምሮ ልቧን ታማ፣ እግሯ አብጦ፣ ደሴ ሆስፒታል ስትመላለስ እንደነበር ታውቂያለሽ። እኔ ሞኟ ታዲያ ያንን የላክሽልኝን ጨርቅ ተከናንቤ ልጠይቃት ሄድኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለመታየት ነው። ልጄ ከባሕር ማዶ ላከችልኝ ልል ነው። ስገባ ብርድ ብርድ ብሏት ትንቀጠቀጣለች። ከራሴ ላይ አውርጄ አለበስኳት። ደስ አላት፤ ጫፉን በጣቶቿ ታሻሸው ነበር። ስሞት ካንቺ በቀር ማንም እንዳያጥበኝ አለችኝ። አብሽሪ፣ ውኃ የሚያፈስልኝ ሌላ ሰው እስካገኝ ድረስ አትሞቺም ብዬ ቀለድኩባት። ኋላ ግን ቀልዱን ትቼ ቃል ገባሁላት። ጨርቁንም ለእሷው ትቼ ወጣሁ።

ከዚያ በፊት የሆነውን ልንገርሽ፤ ነገሩ ከዚያ ነው የሚጀምረው። አንድ መንገደኛ ሐይቅ መናኸሪያ ከአውቶቡስ ወርዶ ሲያስመልሰው፣ ከውጭ ሀገር ነው የመጣው፣ ኢቦላ ነው ተባለና ሰዉ ሻንጣውን እየጣለ ሸሸ። የምትሸጠው ሙዝ መሬት ላይ ቀርቶባት የሮጠች አለች። ጤና ጣቢያ ሲመረመር ወባ ሆኖ ተገኘ፣ ሰውዬውም ውጭ ሀገር ረግጦ አያውቅም። ወሬው ግን ወባ ነው መባሉን አልጠበቀም። በዚህ የተነሳ አሰጋሽ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ ጎረቤታችን፣ የቀበሌውን ሰው ሰብስባ ስለ ኢቦላ አስተማረች። ሰዉ እንደዚያ ቀን ጸጥ ብሎ ሲሰማ አይቼ አላውቅም። በትውከት፣ በላብ፣ በሽተኛው በነካው ጨርቅ፣ ከሁሉም ይልቅ ሬሳ ሲታጠብ ይተላለፋል አለች። ትምህርቱ ደህና ነበር። ሰዉ ግን ቤቱ ወስዶ በእኔ ልክ ሰፋው። ልጇ እዚያ ናት፣ ዕቃ ይመጣላታል፣ እሷ ደግሞ ሬሳ ታጥባለች ተባለ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እኔ ብቻ አልሰማሁም። ቦኖ ውኃ ስንቀዳ ሴቶቹ ወረፋቸውን ለቀው አንቺ ቅደሚ ይሉኝ ጀመር። እኔ፣ ገንፎ ውስጥ ስንጥር የምፈልገው ሴት፣ ለዕድሜዬ የሰጡኝ ክብር መሰለኝ። አመሰግናቸውም ነበር።

ሲቲ አረፈች ሲሉኝ ሳሙናዬንና የጀናዛ ሽቶዬን፣ ካፉሬን፣ ይዤ ሄድኩ። የቅሬው ዳኛ እንድሪስ በሩ ላይ ቆሟል። ከሩቅ ሰላም አለኝና፣ አሚናት፣ ዛሬስ ይቅርብሽ፣ ሰዉ ፈርቷል አለኝ። ምኑን ነው የፈራው ስለው ወደ ጓሮው በአገጩ አሳየኝ። ጨርቅሽን አቃጥለውታል፤ አመዱ ገና ይጨሳል። ሲቲን የገደላት እሱ ነው ተብሏል። ልጄ፣ ያን ጊዜ የተናገርኩትን ሁሉ አልጽፍልሽም። እናትህን አጥቤ የሸኘሁልህ እኔ ነኝ፣ ያን ቀን እጄ ንጹሕ ነበር፣ ዛሬ ምን ነካው አልኩት። አንገቱን ደፋ። ከበሩ ግን ፈቀቅ አላለም።

ዞሬ በቁልቋሉ አጥር በኩል ቆምኩ። ውኃ ሲፈስ ይሰማኛል፤ ማን እንደሚያጥባት አይታየኝም። ውኃውን ለብ አድርገውት ይሆን? ዓይኗን ከድነውላታል? ለምን እንዲህ ይቻኮላሉ? አንዱን ጥርጣሬ ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል። መጨረሻ ላይ፣ ይህን ስነግርሽ አፍራለሁ፣ ምናልባት አልሞተች ይሆናል አልኩ። ስንት ጀናዛ በእጄ ያለፈ ሴት፣ ሲቲን በሕይወቷ ሊቀብሯት ነው ብዬ አመንኩ። ጎንበስ ብዬ ድንጋይ አነሳሁ። በማን ላይ ልወረውረው እንደነበር አላውቅም። እነዚያ ያባረሯችሁ መንደርተኞች ትዝ ያሉኝ ያኔ ነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሞኞች ናቸው እል ነበር።

አሰጋሽ ለለቅሶው ስትመጣ ድንጋዩን እንደያዝኩ አገኘችኝ። መጥታ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠችና እጄን ስባ አስቀመጠችኝ። ትከሻዋ ትከሻዬን ነክቷል፤ ሰውም ሁሉ ያያል። ከዚያ እንድሪስን ጠርታ፣ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ እንዲህ ግን አላልኩም አለችው። አሚናት አልታመመችም፣ ጨርቁን ያመጣው ልጅም አልታመመም፣ ሲቲ የሞተችበትን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ አለችው። እንድሪስም አውቃለሁ አለ። ነገር ግን አሚናት ከገባች ውስጥ ያሉት ሴቶች ጥለው ይወጣሉ፣ ቃሬዛ የሚሸከመውም ይበተናል፣ ሲቲን ብቻዬን ልቅበራት ወይ አለ። በእሱ ፈርጄበት ነበር፤ ይህን ሲል ግን ሐሰት አላገኘሁበትም። የፈራ ሰው ሁሉ እሱ ላይ ነው የተደገፈው።

እንዲህ ስንባባል የሲቲ ልጅ እጇ እንደረጠበ ከውስጥ ወጣች። እያለቀሰች፣ ቅደም ተከተሉ ጠፍቶብናል፣ እማ አሚናት፣ ከዚያው ሆነሽ ንገሪን አለችኝ። እኔም ከአጥሩ ውጭ ተነስቼ ቢስሚላህ አልኩ። በቀኝ በኩል ጀምሩ እላለሁ፣ ከውስጥ እሺ ጀመርን ይሉኛል። አሁን ወደ ግራዋ፣ ቀስ ብላችሁ፣ አንገቷን ደግፉ እላለሁ፤ እሺ ይላሉ። ፀጉሯን ሦስት ቦታ ጎንጉኑት አልኳቸው። ካፉሩን ለመጨረሻው ውኃ ብዬ መሬት ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ አልኩ፤ እንድሪስ ራሱ አንስቶ አቀበላቸው። ሲጨርሱ ሳልጠይቃቸው እስከ በሩ ድረስ አመጧት፤ ወንዶቹ ፊታቸውን አዙረው ሳለ ፊቷን ገለጡልኝ። ሲቲ ናት። ሞታለች። ዓይኗ ተከድኗል። ያለቀስኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ድንጋዩንም የጣልኩት ያን ጊዜ ይመስለኛል። በእጄ አልነካኋትም፣ በአፌ አጠብኳት። ቃሌን ግማሹን ጠብቄላታለሁ።

እንግዲህ ለጥያቄሽ መልሱ ይኸው ነው። ያንን ነጭ ልብስ ለብሳችሁ በር ላይ አትድረሱ። ሰው መሆናችሁ ሳይታወቅ ማን ይከፍትላችኋል? መጀመሪያ በፊታችሁ ሂዱ። ራቅ ብላችሁም ቢሆን ተቀመጡ፣ ስማችሁን ተናገሩ፣ የሟቿንም ስም ጠይቁና በስሟ ጥሯት። ሬሳው ይገድላችኋል ብላችሁ አትጀምሩ፤ ምን ዓይነት ሰው ነበረች በሉ፣ ያውሩላችሁ። ልብሱንም እያዩአችሁ ልበሱት። ልጇ ከውጭ ሆና ቀስ በሉ፣ አንገቷን ደግፉ ማለት ከፈለገች ትበል፤ እናንተም ከውስጥ እሺ በሏት። ስለ መታጠቡ ሸኻችንን ጠይቄአቸዋለሁ፤ ማጠቡ ሕያዋንን የሚገድል ከሆነ ውኃው ይቀራል፣ ሶላቱና ዱዓው አይቀርም አሉኝ። እዚያም እስላም ብዙ ነው ብለሽኛልና ይህንን የራሳቸው ሸኽ ይንገራቸው፤ ከእናንተ አፍ አይቀበሉትም። ከመሸፈኑ በፊት ደግሞ ፊቷን አንድ ጊዜ ከሩቅ አሳዩአቸው። ዓይን ያላየውን ልብ የራሱን ይፈጥርለታል፤ እኔ እንኳ ሲቲን ከሞት አስነስቻት ነበር።

እንዲያም ሆኖ ሁሉም በአንድ ቀን ይስተካከላል ብለሽ አትጠብቂ። እንድሪስ ሽማግሌ ይዞ መጥቶ አውፍ በይን፣ ይቅር በይን አለኝ፤ አውፍ ብያለሁ። ሰሞኑን ደግሞ ከላይ ሰፈር አንዲት ሴት ሞታ እንዳጥባት ላኩብኝ፤ ሄጄ አጠብኳት። በማግስቱ ቦኖ ስወርድ ግን አሁንም አንቺ ቅደሚ አሉኝ። ጀሪካኔን ከሁሉም ኋላ አስቀምጬ ቆምኩ። አንዳንዷ ሳቀች፣ አንዳንዷ ፈቀቅ አለች። የእናንተም በሽታ ቀነሰ፣ ተመለሰ እየተባለ የሚሄደው እንዲህ ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ የእኔ ጥያቄ። ያንን የጠየቅሽኝ ለመንደርተኞቹ ብለሽ ብቻ ነው ወይ? የእረፍትሽ ነገር፣ የድምፅሽ ነገር፣ የሀምዳን ዓይን መሸሽ አንድ ላይ ሲገጥምብኝ፣ ስለራስሽ የጠየቅሽኝ መሰለኝ። በሰው ሀገር ብሞት፣ ሳልታጠብ ብቀበር፣ እማን ምን ቢሏት ትችለዋለች ማለትሽ ይሆን? እንደዚያ ከሆነ ፊት ለፊት ጠይቂኝ፤ እናትሽ ነኝ። ሸኹን ስጠይቃቸው ስምሽን አልጠራሁም። በእንዲህ ያለ በሽታ የሞተ እንደ ሸሂድ፣ እንደ ሰማዕት ነው ካሉኝ በኋላ ግን ማን ታሞብሽ ነው አላሉኝም፤ ዱዓ አደረጉልኝ።

አላህ አያድርገውና፣ የፈራሁት እውነት ከሆነ ቃሌ ይኸውልሽ። ማንም ሳያጥብሽ ቢቀብሩሽ ከእኔ ቅሬታ የለም። እነዚያን ነጭ ልብስ ለባሽ ቀባሪዎች አውፍ ብያለሁ፤ በዱንያም በአኼራም አልጠይቃቸውም። ውኃ ባይነካሽም ንጹሕ ነሽ። ብቻ ፈዲላ ብለው በስምሽ ይጥሩሽ፤ አፈር ሲያለብሱሽም ቀስ ይበሉ። ሰዓቱን ባላውቀው እንኳ እኔ እዚህ ሆኜ በቀኝ ጀምሩ እላለሁ። ይህችን መስመር አባትሽ ቢያያት ሟርት ነው ብሎ ይቀድዳታል። ነገር ካለ ግን አትደብቂኝ ልጄ። ከአጥር ውጭ መቆም እችላለሁ፣ ችዬው አይቻለሁ። ሳላውቅ መቆም ግን አልችልም።

አባትሽ አገላብጦ ይስምሻል፤ ረመዳን ሳይገባ ትመጣለች እያለ ለጠየቀው ሁሉ ይናገራል። አሪፋ ናፍቀሽኛል ብላሻለች፤ ፎቶ ላኪላት፣ ግን የሰሞኑን እንጂ የድሮውን እንዳትልኪ፣ እለየዋለሁ። አሰጋሽ ለግሸን ማርያም ተስላልሻለች፤ በሰላም ከገባሽ በእግሯ ልትወጣ ነው። እኔም ሰዉ ተሰብስቦ በሚለምንበት በወዳጃው ላይ ዱዓ አስደርጌልሻለሁ፤ በየትኛው በኩል እንደሚሰማልን አናውቅምና ሁለቱንም ይዘናል። የሲቲ ልጅ ሰላም ትልሻለች። እንድሪስም ሰላም በይልኝ ብሎኛል፤ ላልጽፈው ነበር፣ ይኸው ጻፍኩለት።

በጠረጠርኩት ነገር ተሳሳትኩ ብዬ የማላውቅ ሴት መሆኔን አባትሽ ሲነግርሽ ነው የኖረው። አሁን ግን ወረቀቱ እንደደረሰሽ ደውዪና እማ፣ ተሳስተሻል በይኝ። ጮክ ብለሽ በይኝ፤ ከፈለግሽም ሳቂብኝ። እኔም ደጅ ወጥቼ ለጎረቤቱ ሁሉ ተሳሳትኩ ብዬ እናገራለሁ።

እናትሽ አሚናት

ሐይቅ፣ ተሁለደሬ
ግንቦት 27 ቀን 2007 ዓ.ም.